መቀላቀል ማጭበርበር ነውን? የፈረንሳይን ቀይ ወይን ጠጅ ስለ መቅመስና ስለ ማወቅ



በአገራችን «ቀላቀለ» የሚለው ቃል መልካም ስም የለውም። እገሌ ቅቤ ቀላቀለ ሲባል ሙዝ ጨመረበት ማለት ነው። ማር ቀላቀለ ሲባል ስኳር አቀለጠበት፣ በርበሬ ቀላቀለ ሲባል ሸክላ ፈጨበት ማለት ነው። ስለዚህ ከእኛ መካከል አንዱ በአንድ የምረቃ ግብዣ ላይ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ ቀርቦለት፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው «ይህ ከሦስት ዓይነት ወይን የተደባለቀ ነው» ቢለው፣ «ታዲያ ንጹሑን ስለ ምን አላመጡልንም?» ሲል ጠየቀ። ማዕዱ በሙሉ ሳቀበት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ አመሸ። እኛም ታሪኩን በሰማን ጊዜ አብረን ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ከመካከላችን አንድ ስንኳ እንደሌለ ተገነዘብን። የማያውቅ በማያውቅ መሳቁ አሳፈረንና ነገሩን ለማጥናት ተነሣን።

«እኛ» የምንለው ከእብናት ወረዳ መጥተን በዩኒቨርሲቲ የምንማር ጥቂት ተማሪዎች ነን። ይህን አነስተኛ ጽሑፍ ስናቀርብ ማንንም ወደ መጠጥ ለመጥራት አይደለም። በሃይማኖቱም ሆነ በጤናው ምክንያት የማይጠጣ ወንድማችን ወይም እኅታችን ሳይቀምስም ሊያነበው ይችላል፤ ቁም ነገሩ ያለው ከብርጭቆው ይልቅ በአሳቡ ውስጥ ነውና። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ወይን ለእኛ እንግዳ አይደለም

ብዙዎቻችን ወይን ጠጅ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን የምንኖርበትን የአየር ጠባይ «ወይና ደጋ» ብለን የምንጠራው በምን ምክንያት ነው? ስሙ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ከማለት እንደ መጣ በሰፊው ይነገራል። በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን የሚዘጋጀው ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ነው። ከእብናት ወርደን በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ወረታ ስንጓዝ የምናልፋት እፋግም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የአውሮጳ ተጓዦች ወይን የሚተከልባት አገር መሆኗን የጻፉላት ናት። እንግዲህ ስለ ወይን መማር የሰውን ነገር መመኘት ሳይሆን የራስን ነገር ማስታወስ ጭምር ነው።

በዘመናችን ደግሞ አባቶቻችን ጉደርንና አክሱሚትን ያውቃሉ። በዝዋይ አጠገብ የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ የወይን እርሻ አቋቁሞ፣ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አውጥቷል። በዚያ እርሻ ላይ የተተከሉት ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሲራ የተባሉት የቀይ ወይን ዓይነቶች ስማቸውም ዘራቸውም ፈረንሳዊ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናወሳቸው ዓይነቶች ከእጃችን የራቁ አይደሉም።

2ኛ፤ ቀዩ ቀለምና አፍን የሚይዘው ጣዕም

የወይን ጠጅ አሠራር በመሠረቱ ከጠላ አሠራር ይቀልላል። ገብስ ስኳሩን እንዲሰጥ መብቀል፣ መቆላት፣ መፈጨት አለበት። የወይን ፍሬ ግን ስኳሩን ይዞ ይመጣል። ፍሬው ሲጨፈለቅ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ሉዊ ፓስተር ስለ ወይን ጠጅና ስለ በሽታዎቹ ያደረገውን ጥናት በመጽሐፍ ያሳተመው በ1866 ነው።

ቀይ ወይን ጠጅ ቀይ የሚሆነው በጭማቂው ምክንያት አይደለም። የአብዛኛው ጥቁር ወይን ጭማቂ ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ ሲፈላ ነው። ከልጣጩና ከፍሬው ዘር ደግሞ ታኒን የሚባል ነገር ይወጣል። ታኒን ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። ሳይበስል የተቀጠፈ ዶቅማ የበላ ልጅ ያውቀዋል፤ ምላስን የሚያስረው፣ ድድን የሚያደርቀው እርሱ ነው። ጠንከር ያለ ሻይም ብዙ ሰዓት ከቆየ እንዲሁ ያደርጋል። ቆዳ የሚያለፉ ሰዎችም የግራርን ልጥ የሚጠቀሙበት ለዚሁ ታኒን ነው። ይህ ነገር በወይን ጠጅ ውስጥ ሲበዛ አፍን ይጎረብጣል፤ ፈጽሞ ሲያንስ ደግሞ መጠጡ አጥንት እንደሌለው ሥጋ ይሆናል። ጥሩ ታኒን ያለው ወይን ጠጅ ብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ ጊዜም ጉርብጥናውን ያለሰልሰዋል።

3ኛ፤ የቦርዶ ሰዎች ስለ ምን ይቀላቅላሉ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ቅርብ የሆነ አገር ነው። ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ የውሃ አፍ ይሠራሉ። ከውሃው በስተግራ ያለው ሜዶክ የተባለው አገር መሬቱ ጠጠር ነው፤ ውሃ አይቋጥርም፣ የቀኑን ሙቀትም ይዞ ያመሻል። በዚያ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ይሰምርለታል። በስተቀኝ ያሉት ሴንት ኤሚልዮንና ፖመሮል ግን ሸክላና የኖራ ድንጋይ ያለበት ቀዝቀዝ ያለ መሬት ይበዛባቸዋል። በዚያም ሜርሎ ይበልጣል።

ሜርሎ ከካበርኔ ሶቪኞን አስቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ በሁለት ሳምንት ያህልም ቀድሞ ይበስላል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጉዳይ እንደ ገበሬ ልጅ ሆነህ ወይም ሆነሽ አስቡት። በጸደይ ውርጭ ቢመጣ የሚጎዳው ማን ነው? አስቀድሞ ያቆጠቆጠው ሜርሎ ነው። በመስከረም መጨረሻ ዝናብ ቢበዛስ? ሜርሎ ጎተራ ገብቷል፤ የሚበላሸው ገና በማሳው ያለው ካበርኔ ነው። ሁሉን ሜርሎ የተከለ ገበሬ አንድ ክፉ ሌሊት ይጨርሰዋል፤ ሁሉን ካበርኔ የተከለም አንድ ክፉ የዝናብ ሳምንት ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ሁለቱንም የተከለ ግን በአንዱ ቢያዝን በሌላው ይጽናናል። በየካቲት 1956 የወረደው ከባድ ቁር በሴንት ኤሚልዮንና በፖመሮል እጅግ ብዙ የወይን ተክል ከነሥሩ ገድሏል። እንዲህ ባለ አገር መቀላቀል በመጀመሪያ የኑሮ ዋስትና ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጣዕም ነው። ካበርኔ ሶቪኞን ልጣጩ ወፍራም፣ ታኒኑ ብዙ ስለ ሆነ ለመጠጡ አጥንት ይሰጠዋል። ሜርሎ ለስላሳና ሙሉ ነው፤ ሥጋ ይሰጠዋል። ካበርኔ ፍራን መዓዛ ይጨምራል። ፕቲ ቬርዶ በጣም ጥቂት ሆኖ ሲገባ ቀለምና ቅመም ያክላል። ማልቤክና ካርሜኔር ደግሞ ዛሬ በቦርዶ ጥቂት ብቻ የቀሩ የቀድሞ ማኅበርተኞች ናቸው። ካርሜኔር ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የተባለው ነፍሳት የአውሮጳን ወይን ካጠፋ በኋላ ከቦርዶ ጠፍቶ ነበር፤ በ1994 ግን በደቡብ አሜሪካ በቺሊ፣ ሜርሎ ነው እየተባለ ሲለማ ተገኘ። የካበርኔ ሶቪኞን ነገርም ያስገርማል። በ1997 የወጣ የዘር ምርመራ እንዳረጋገጠው፣ ይህ የቀይ ወይን ንጉሥ ራሱ የጥቁሩ የካበርኔ ፍራንና የነጩ የሶቪኞን ብላን ልጅ ነው። «ንጹሑ» ብለን የምንጠራው ራሱ ከድብልቅ ተወለደ ማለት ነው።

አቀላቀሉም በዘፈቀደ አይደለም። የየማሳው ወይን ለብቻው ተለቅሞ ለብቻው ይፈላል። በክረምቱ ወራት ባለሙያዎች ከየጋኑ እየቀመሱ፣ በትንሽ መለኪያ እየሞከሩ፣ የዓመቱን ድብልቅ ይወስናሉ። ይህን ሥራ አሳምብላዥ ይሉታል። ያልተመረጠው ብዙ ጊዜ በሌላ ስም፣ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ የአንድ ቤት ወይን ጠጅ በየዓመቱ የድብልቁ መጠን ይለያያል፤ ዓላማው ግን የቤቱን ጠባይ መጠበቅ ነው።

ይህ ከማጭበርበር በምን ይለያል? የሚለየው በግልጽነቱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ የቦርዶ ነጋዴዎች መጠጣቸው ደካማ ሲሆንባቸው ከሮን ሸለቆ የሚመጣውን የኤርሚታዥ ወይን ጠጅ ይጨምሩበት ነበር። በ1935 ግን ፈረንሳይ የመነሻ ስምን የሚጠብቅ ሥርዓት በሕግ አቆመች። ጠርሙሱ ላይ ቦርዶ ተብሎ ከተጻፈ ወይኑ ከቦርዶ ምድር የበቀለ፣ ዓይነቱም በደንብ ከተፈቀደው መሆን አለበት። የአየሩ ሙቀት እየጨመረ ስለ ሄደም በ2021 ሙቀትን የሚችሉ ጥቂት አዳዲስ ዓይነቶች ከድብልቁ ከመቶ 10 እጅ እንዳያልፉ ተወስኖ ተፈቅደዋል። እንግዲህ የቅቤው ነጋዴ ጥፋት መቀላቀሉ ሳይሆን የቀላቀለውን መደበቁ ነው።

4ኛ፤ ሌሎች ድብልቆች

በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በሮን ወንዝ ዳር ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የተባለ አገር አለ። ስሙ «የጳጳሱ አዲስ ግንብ» ማለት ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሮማ ጳጳሳት በአቅራቢያው በአቪኞን ይኖሩ ነበርና። በዚያ አገር በቀድሞው አቆጣጠር 13 ዓይነት ወይን እንዲገባ ተፈቅዷል፤ ነጭ ወይን ስንኳ ይገኝበታል። ዋናዎቹ ግን ሦስት ናቸው። ግረናሽ ሙቀትና የበሰለ ፍሬ ጣፋጭነት ይሰጣል። ሲራ ቀለምና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ይሰጣል። ሙርቬድር ታኒንና የቆዳ ሽታ ያመጣል። በሰሜን ሮን በኮት ሮቲ ደግሞ ከሲራ ጋር ቪዮንዬ የሚባል ነጭ ወይን እስከ መቶ 20 እጅ ድረስ አብሮ ሊፈላ ይችላል።

ይሁን እንጂ ፈረንሳይ ሁሉ ይቀላቅላል ማለት አይደለም። የቡርጎኝ ታላላቅ ቀይ ወይን ጠጆች ከፒኖ ኗር ብቻ ይሠራሉ። አንዱ መንገድ ሌላውን ስሕተት አያደርገውም።

5ኛ፤ አቀማመሱ

በአገራችን ግብዣ አሳላፊው ከመቅዳቱ በፊት ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ያ ቅምሻ ለደኅንነት ነው፤ የእኛ ለማወቅ ይሁን። አካሄዱም እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ማየት። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጎ ጠርዙን መመልከት። ወጣት ቀይ ወይን ጠጅ ወይን ጠጅማ ሐምራዊ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ጡብ መልክ ይሄዳል።

ለ) ማሽተት። ብርጭቆውን ከሲሶው በላይ አለመሙላት፣ ማሽከርከር፣ ከዚያ ማሽተት። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነው ብርሌያችን መዓዛን ለመሰብሰብ የተሠራ ይመስላል።

ሐ) መቅመስ። ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ማዞር። ከዚያም ራስን መጠየቅ፤ ምራቅ የሚያመጣው ምንድን ነው? እርሱ ኮምጣጣነቱ ነው። ድድን የሚይዘው? ታኒኑ ነው። ጉሮሮን የሚያሞቀው? አልኮሉ ነው። በአፍ ውስጥ እንደ ውሃ ነው ወይስ እንደ ወተት? ይህ ውፍረቱ ነው።

መ) መጠበቅ። ከዋጡ ወይም ከተፉ በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል ይቆያል? የጥሩ ወይን ጠጅ ጣዕም ቶሎ አይሸሽም። ብዙ ዓይነት የሚቀምስ ሰው መትፋቱ ነውር አይደለም፤ ባለሙያዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ቀይ ወይን ጠጅ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ይመረጣል። የደብረ ታቦር ቤት በማታ ይህን ያህል ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም።

ትልቁ ችግር የቃል ችግር ነው። መጻሕፍቱ ካበርኔ እንዲህ ያለ የፈረንሳይ ቤሪ ይሸታል ይላሉ፤ ያንን ፍሬ ግን በዓይናችን አላየነውም። የሌላውን ሰው ትዝታ በቃላችን ብናጠና ምን ይረባናል? የራሳችን አፍንጫ የራሱ መዝገብ አለው። በደንብ ያልበሰለ ካበርኔ ቃሪያ ቃሪያ ይላል፤ ይህም ተረት አይደለም፤ በወይኑና በቃሪያው ውስጥ ያለው መዓዛ ሰጪ ነገር ከአንድ ወገን ነው። የበሰለው የአጋምን ፍሬ ያስታውሳል። ሜርሎ የፕሪም ጣዕም አለው። ግረናሽ እንጆሪን ይመስላል። በኦክ በርሜል የቆየ ወይን ጠጅ ቅርንፉድና ጭስ ይሸታል፤ እኛም ጋናችንን በወይራ የምናጥነው መጠጡ ከዕቃው መዓዛ እንዲወስድ አይደለምን?

ስለ ዓይን ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በ2001 የታተመ የቦርዶ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ለ54 የወይን ጠጅ ትምህርት ተማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ቢቀርብላቸው፣ መዓዛውን በቀይ ወይን ጠጅ ቃላት ገለጹት። የተማሩት ዓይናቸው ካሳታቸው እኛም ልንጠነቀቅ ይገባናል። ስለዚህ ስትቀምሱ ጠርሙሱን ሸፍኑ፤ ስምና ዋጋም ዓይነ ጥላ ናቸውና።

6ኛ፤ በእብናት ያደረግነው ሙከራ

በፋሲካ ዕረፍት ገንዘብ አዋጥተን የዝዋይ ሜርሎ አንድ ጠርሙስ፣ የዝዋይ ካበርኔ ሶቪኞን አንድ ጠርሙስ ይዘን ወደ እብናት ሄድን። ብርሌዎቹን ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጥተን፣ በአንዱ ሜርሎ ብቻ፣ በአንዱ ካበርኔ ብቻ፣ በሦስተኛው ሰባት ማንኪያ ካበርኔና ሦስት ማንኪያ ሜርሎ፣ በአራተኛው የዚህን ግልባጭ፣ በአምስተኛው እኩል በእኩል አደረግን። ጠላ በመጥመቅ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ «እማማ» ብለን የምንጠራቸው ጎረቤታችንም እንዲቀምሱልን ለመንናቸው። ምን እንደ ቀዳንላቸው አልነገርናቸውም።

እማማ ካበርኔውን ብቻ ቀምሰው፣ «ይሄ ይጎረብጣል፤ ገና ልጅ ነው» አሉ። ሜርሎውን ቀምሰው፣ «ይሄ ደግሞ ይንሸራተታል፤ ሳይነግረኝ ሄደ» አሉ። ድብልቆቹን ደጋግመው ከቀመሱ በኋላ ይበልጥ ደስ ያሰኘዎት የትኛው ነው ብለን ብንጠይቃቸው፣ መልሰው ጠየቁን፤ «ለመቼ ነው ልጆቼ? ለዛሬ እንግዳ ነው ወይስ የሚቀመጥ ነው?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ይህ ጥያቄ የቦርዶ ባለሙያ በጋኖቹ መካከል ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሜርሎ የበዛበት ቶሎ ይጠጣል፤ ካበርኔ የበዛበት ይቀመጣል። እማማ ወይን ጠጅ አልተማሩም፤ ነገር ግን ለጠላቸው ገብሱን ለጣዕሙ፣ ዳጉሳውን ለብርታቱና ለመልኩ እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያመጣጥኑ ኖረዋል። እኛ ከመጽሐፍ በብዙ ድካም ያገኘነው ነገር በጓዳቸው ነበር።

7ኛ፤ ምን ተማርን?

በዚያው ሰሞን ከመካከላችን የአንዱ አባት ማሳቸውን አሳዩን። ስንዴና ገብስ ተቀላቅሎ የተዘራበት ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ማሳ ስናይ እናፍር ነበር፤ በትምህርት ቤት የሰማነው ጥሩ ዘር ማለት አንድ ዓይነት ንጹሕ ዘር ማለት እንደ ሆነ ነውና። አባት ግን ሲያስረዱን፣ ዝናቡ ቀድሞ ከቆመ ገብሱ አስቀድሞ ስለሚደርስ ቤቱ አይራብም፤ ዝናቡ ከሰመረ ስንዴው ጎተራውን ይሞላል አሉን። ይህ የሜርሎና የካበርኔ ነገር አይደለምን? ልዩነቱ የቦርዶ ሰው ለየብቻ አጭዶ በኋላ መቀላቀሉ፣ የእኛ ገበሬ ግን ከዘሩ ጀምሮ ቀላቅሎ አብሮ ማጨዱ ነው።

በዚህ ግን ንጹሕ ዘር ጥቅም የለውም ለማለት አንደፍርም። ዝናብ በማይጎድልበትና ውሃ በሚጠለፍበት አገር የተመረጠው አንድ ዘር የበለጠ ሊያፈራ ይችላል። ነገር ግን ወረዳችን ድርቅ የሚደጋገምበት፣ ብዙ ቤተ ሰብ በሴፍቲኔት እየተደገፈ የኖረበት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ገበሬው የሚጠይቀው «ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብሎ ሳይሆን «በክፉው ዓመት የሚያተርፈኝ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ለፈረንሳዊው ሲሆን ጥበብ፣ ለእብናቱ ገበሬ ሲሆን ኋላ ቀርነት ብለን የምንጠራ ከሆነ፣ ቀለሙን አይተው ነጩን ወይን ጠጅ ቀይ ካሉት ተማሪዎች በምን ተሻልን? ግብርና የምታጠኑ ባልንጀሮቻችን ሆይ፤ ነገ የግብርና ባለሙያ ሆናችሁ ወደ እንዲህ ያለ ማሳ በወጣችሁ ጊዜ፣ ድብልቁን ከመንቀፋችሁ በፊት ስለ ምን እንደ ተቀላቀለ ጠይቁ።

ወደ መጀመሪያው ነገር እንመለስና፣ በግብዣው ላይ «ንጹሑን ስለ ምን አላመጡልንም?» ብሎ የጠየቀው ባልንጀራችን አላዋቂ አልነበረም። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ የጎደለው የሚመልስለት ሰው ነበር። ዛሬ ቢጠየቅ እንዲህ ብሎ ይመልሳል፤ «መቀላቀል ማጭበርበር የሚሆነው ሲደበቅ ነው። በግልጽና በልክ ሲሆን ግን ክፉ ዓመትን ማለፊያ፣ አንዱ የጎደለውን በሌላው መሙያ ነው»። ይህንም ሲናገር አንገቱን አይደፋም።